ባላጋራዬ ያረመችው ጽሑፍ

ከሁሉ በፊት የተበደልሁት በደል ይመዝገብልኝ። መምህር ይሁኔ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በደሌን የጻፍሁበትን ጽሑፍ ራሳቸው ማረም ሲገባቸው ለባላጋራዬ ሰጥተው አሳረሙት። ባላጋራዬም ዜሮ ሰጠችኝ። በቀይ እስክሪብቶ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ዜሮ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ተከሳሽ ዳኛ ሆኖ የከሳሹን ቃል የሚያርምበት አገር ካለ ንገሩኝ። እኔ እዚህ ቆላው፣ ሽንፋ ላይ አይቻለሁ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። መምህር አሁን አፈር ለብሰዋል፤ የምወዳቸውም ሰው ነበሩ። ግን ወደድሁት ብዬ የሰው በደል አልደብቅም። የማይደበቅ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

የሞታቸውን ወሬ ያመጣችልኝ ደግሞ ያችው ባላጋራዬ ትጓደድ ናት። በእኔና በሷ እርሻ መካከል በበጋ የምትደርቅ ወንዝ አለች። ትጓደድ ከተጣላን ወዲህ ያችን ወንዝ ተሻግራ ደጄን ረግጣ አታውቅም ነበር።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ትጓደድ።»

ብቅ ስል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። የሞተባት መሆኑን አይቻለሁ፤ ምላሴ ግን ቀደመኝ።

«መንገድ ጠፍቶሽ ነው?»

«አልጠፋኝም። መምህር ይሁኔ አረፉ፣ ስንዱ። አገራቸው ጎጃም ነው የተቀበሩት። ልጃቸው ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ላንችም ንገሪያት አለኝ።»

ግቢ አላልኋትም። እሷም አልጠበቀችም። ገብታ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ በዚያ ጥግ፣ እሷ በዚህ ጥግ ሆነን፣ ሳንተያይ አለቀስን።

የጠባችን ነገር የሰሊጥ ነው። ቆላ ያልኖረ ሰው ሰሊጥን እንደ ሌላው እህል ያስበው ይሆናል። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም። ቅጠሉ ቢጫ ማለት ሲጀምር፣ ፍሬውን የያዘው ቆባ ገና አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ቀጥ ተደርጎ ቆሞ መድረቅ አለበት። ሳይታጨድ ከደረቀ ቆባው አፉን ይከፍታል፤ ነፋስ ሽው ሲል ፍሬው ይረግፋል። መሬት ላይ የወደቀ ሰሊጥ የማንም አይደለም።

በዚያ ዓመት ገንዳ ውሃ ሄጄ ከደጋ ከመጡ አጫጆች አለቃ፣ ከካቦው ጋር ተስማማሁ። በማግስቱ ይመጣሉ ብዬ ዳስ ጥዬ፣ ውሃ አስቀድቼ ጠበቅሁ። ቀሩ። ከፍ ካለው ቦታ ወጥቼ ስመለከት ማጭዳቸው ትጓደድ እርሻ ውስጥ ያብረቀርቃል። ሌላ አጫጅ ፈልጌ እስካገኝ የኔ ሰሊጥ እንደቆመ ተከፈተ። መሬቱ ነጭ ሆነ። ወፍ ጠገበ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ካሳ ትስጥሽ አሉ። እምቢ አልሁ። ካሳ አልፈለግሁም። የፈለግሁት ትጓደድ በገዛ አፏ «አዎ፣ እያየሁ ነው የተውሁት» እንድትል ነበር። እሷ ደግሞ «ካሳውን ትውሰድ፣ ከአፌ ግን ቃል አታገኝም» አለች። ነገሩ እዚያው ላይ ቆሞ ደረቀ።

ቃሏን በመንግሥት አስወጣለሁ ብዬ ገንዳ ውሃ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄድሁ። እኔ «ይች ሌባ» ስል እሱ «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» ብሎ ይጽፋል።

«አንተ ልጅ፣ ትሕትና የሚለውን አውጣልኝ።»

«እማማ፣ ማመልከቻ ያለ ትሕትና አይገባም።»

«እኔ ትሑት አይደለሁም። ተናድጃለሁ። ተናዳለች ብለህ ጻፍ።»

«ተናዳለች ተብሎ አይጻፍማ!»

ወረቀቱን ጥዬለት ወጣሁ። በልጅነቴ ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ፊደል አልጠፋኝም። ንዴቴን በገዛ እጄ እጽፋለሁ ብዬ ቅዳሜ ከሰዓት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። የልጅ ልጆቼ እስኪታመሙ ሳቁ። ቦርሳ ግዙላት አሉ። ሄጄ ስቀመጥ ከፊቴ ካለው አግዳሚ ላይ ማን ብትቀመጥ ጥሩ ነው? ትጓደድ። ሱዳን ላለው ልጇ በስልክ መልእክት መጻፍ ፈልጋ ነው አሉ። «እሷን እየሸሸሁ ስሄድ እሷኑ አገኘሁ» ብላ ለሰው ተናግራለች። እኔም እንደዚያው ብያለሁ።

መምህራችን ቀጭን፣ ረጅም የጎጃም ሰው ነበሩ። ሽንፋ የወረዱት ጋቢ ይዘው ነው። የሽንፋን ሙቀት ማንም አልነገራቸውም መሰለኝ። ያንን ጋቢ አንድ ቀን ሳይለብሱት፣ አጣጥፈው ወንበራቸው ላይ እንደ ትራስ ይቀመጡበት ነበር። ክፍሉ ቆርቆሮ ስለሆነ የምንማረው ደጅ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ነው። ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ጠመኔ ጠፋ ብለው ሁላችንንም ያስነሡናል። ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ በኮዳ ይዘው ይመጣሉ። ማጨብጨብ፣ ጎበዝ ማለት አያውቁም። አንዱ ተማሪ ጥሩ ነገር ሲያነብ ኮዳውን አንሥተው አንድ ጊዜ ይጎነጫሉ፤ በቃ፣ ተወደደልህ ማለት ነው። እኔ ሳነብ ብዙውን ጊዜ ጥማቸውን ችለው ይቀመጡ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ሽንፋ አየር ጻፉ አሉን። እኔ «ሙቀቱ ገደለን» ብዬ ጀመርሁ።

«እናንተየ፣ ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ምን አዩ፣ እትየ ስንዱ?»

«ሙቀት ነዋ!»

«ሙቀት አይታይም። በዓይንዎ ያዩት ምንድን ነው?»

ደሜ ፈላ። «ዶሮዎቼ አፋቸውን ከፍተው ከእንስራው ሥር ተዘርረው አይቻለሁ! የእርስዎም ሸሚዝ ከጀርባዎ ተጣብቆ አያለሁ!»

ሰው ሳቀ። መምህር ኮዳቸውን አንሥተው ጎነጩ። የተቆጣሁ እንጂ የጻፍሁ አልመሰለኝም ነበርና ለምን እንደጠጡ አልገባኝም።

«ይህንኑ ይጻፉት» አሉኝ። «ዶሮዎቹን ይጻፉ፤ ሸሚዜንም ይጻፉ። ሞቀ የሚለውን አንባቢው ራሱ ይበለው። እሱም ሥራ ይፈልጋል።»

ሁልጊዜ የሚጠይቁን ጥያቄ ይህ ነበር፦ አዩ ወይስ ገመቱ? ገበያ ላይ ሽንኩርት ስገዛ እንኳ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል። ሰው ስለ ሰው ሲያወራ «አየሽ ወይስ ገመትሽ?» እያልሁ የስንቱን ወሬ አበላሽቻለሁ።

ሌላው ነገራቸው ሦስት መስመር ነው። በየቀኑ ጠዋት፣ ፊት ሳይታጠቡ፣ ሦስት መስመር መጻፍ። ጨረቃ ጠልቃ ፀሐይ ወጣች ቢሆንም ይሁን፣ ብቻ ሦስት መስመር።

«ለምን አራት አልሆነም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«እኔ ሰነፍ ስለሆንሁ ነው፣ እትየ ስንዱ። አራት ቢሆን ለነገ አሳድረው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። የኔ መምህር ነገርን በማሳደር የሚስተካከላቸው አልነበረም። የፈተና ወረቀት ሰብስበው ይሄዳሉ፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ ወረቀቱ የለም። «ነገ» ይላሉ። ነገ እሁድ ነው፤ ይህንን እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ከኋላቸው «መምህር ነገ» እያሉ የሚጠሯቸው ነበሩ። የሰሙት ይመስለኛል፤ ተቆጥተው ግን አያውቁም።

እኔ ነኝ ፊት ለፊት የነገርኋቸው። «ደገኛ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሆኑት። ሰሊጥ ነገን አያውቅም፣ መምህር። የኔን ማሳ ያራገፈው እንደ እርስዎ ያለ ነገ ነው።»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያም ተነሥተው በጥቁር ሰሌዳው ጥግ «ሰሊጥ ነገን አያውቅም» ብለው ጻፉ። ሳይጠፋ ሰነበተ። ወረቀታችንንም ሳያርሙት ሰነበቱ።

አንድ ቅዳሜ «የተበደላችሁትን በደል ጻፉ» አሉ። እኔ ሌላ ምን ስጠብቅ ኖርሁና! ሰሊጡን ጻፍሁ። ሌባዪቱ ትጓደድ ብዬ ጀመርሁ፤ ማጭዱን፣ ነፋሱን፣ ወፉን ሁሉ ጻፍሁ። ዐረፍተ ነገሩ እንደ ተፈታ ከብት ሄደልኝ። ወረቀቱን ከሁሉ ቀድሜ አስረከብሁ።

መምህር ሁሉንም አገላበጡት። «የበደል ጽሑፍ እኔ አላርምም» አሉ። «እኔ እዚያ አልነበርሁም። የነበረ ሰው ያርመው።» ይህን ብለው የኔን ወረቀት ከቀይ እስክሪብቶ ጋር ለትጓደድ ሰጧት።

ትጓደድ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ሌባዪቱ የሚለው ላይ ፈገግ አለች። ወረድ ብላ አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ቆይታ ቆይታ ያንን ዜሮ ሠራችና ወረቀቱን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ ሰጠችኝ፤ ዞራ እንኳ ሳታየኝ።

«ይች ናት እኔን የምታርመኝ?» ብዬ ተነሣሁ።

«ከዜሮ የሚያንስ ቢኖር እሱን እሰጥሽ ነበር» አለች።

«አጫጅ የሰረቀ እጅ ደግሞ እስክሪብቶ ያዘ!»

«ምቀኛ!»

«እናንተየ፣ ቀስ!» ይላሉ መምህር በመካከል። ባጃጅ የሚነዳ አንድ ተማሪ ሳቁን አፍኖ አፍኖ ሳል ያዘው።

ሰው ሲበተን መምህርን ይዤ ቀረሁ። ዜሮው ይሰረዝልኝ አልሁ። እሳቸው ስለ አባታቸው ያወሩኝ ጀመር። አባታቸው አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ዘንድ የቀረበ ከሳሽ የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ነገር ይናገራል፤ ባላጋራው «ይበቃኛል፣ የኔን ጨርሶልኛል» እስኪል ድረስ ወደ ራሱ አይሻገርም። ብዙ ሰው እዚያው መሐል ላይ ይታረቅ ነበር አሉ።

«እኔ መታረቅ አልፈልግም» አልሁ።

«አይታረቁ። ጽሑፉ ግን ግማሽ ነው። የሷን ግማሽ ጠይቀው ይጻፉ። ያላዩትን ያውጡ። ከዚያ እንደገና ታርመው።» ይህን ብለው ጣታቸውን አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ አደረጉ። «ሰሊጤ ሲከፈት እያየች ዝም አለች» ይላል። «ይህን አዩ ወይስ ገመቱ?»

«ዳሷ ከእርሻዬ ፊት ለፊት ነው! ዓይን የላትም?»

«ዓይን የላትም አላልሁም። እሷ ስታይ እርስዎ አዩ ወይ ነው ያልሁት።»

«አላየሁም። እውነት ግን ነው።»

«እውነት ሊሆን ይችላል» አሉ ቀስ ብለው። «የእርስዎ እውነት ግን አይደለም፤ የሷ ነው። እሷ ካልሰጠችዎት ከወረቀትዎ ላይ ሊያስቀምጡት አይችሉም።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እውነትም እንደ በሬ ባለቤት አለው? ተናድጄ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የነገ ታሪክ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ «ዜሮዬን ይሰርዙልኝ» እላለሁ፤ እሳቸው «ትጓደድን ጠየቋት?» ይላሉ። አልጠየቅሁም ስላቸው «እንግዲያ ነገ» ይሉኛል። ክረምት ገባ፣ አረም መጣ። አረም አለቀ፣ የልጅ ልጄ ክርስትና ሆነ። መንገድ የተዘጋበት ዓመት መጣ፣ ሰው ነፍሱን ይዞ በሚቀመጥበት ጊዜ ማን ስለ ሰሊጥ ይጠይቃል? መንገድ ተከፈተ፣ ሌላ አጨዳ ደረሰ። ሦስት መስመሬን በየጠዋቱ እጽፋለሁ፤ ስለ ዶሮ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምራቴ እጽፋለሁ። ስለዚያ ቀን ግን አንድም መስመር አልጨመርሁም። ከፊቴ አግዳሚ ላይ የትጓደድን ነጠላ እያየሁ ስንት ዘመን ተቀመጥሁ፤ እጄን ዘርግቼ ትከሻዋን ብነካ ይደርስ ነበር።

መምህር ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሲሄዱ ገንዳ ውሃ ድረስ ሸኘኋቸው። ትጓደድም መጥታለች፤ ከሚኒባሱ ወዲያ ማዶ ቆማለች። የታመሰ ሰሊጥ በጨርቅ ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ያንን ጋቢ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቋጠሮዬን በላዩ አድርገው ተቀመጡ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«እትየ ስንዱ! ሦስት መስመር!»

«ዜሮዬስ?» ብዬ ጮህሁ።

«ነገ!» አሉና በሳቅ ፈረሱ። ያየኋቸው የመጨረሻው ይህ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ፣ ጠመኔ የሌለበት ጆሯቸው ባዶ ሆኖ።

በዓል ሲሆን ይደውሉልኝ ነበር። «ጠየቋት?» ነው የሚሉኝ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳንባባል። «ሥራ በዛ» እላለሁ። ባለፈው ጊዜ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ሥራ በዛ» ስላቸው እንደ ወትሮው አልሳቁም። «እኔም ያላረምሁት ብዙ ወረቀት አለ» አሉኝ። ስለ መኸሩ ጠየቁኝና ተሰነባበትን።

እንግዲህ የሞታቸው ወሬ በመጣበት ቀን ትጓደድ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎጃም ሩቅ ነው፤ ለቅሶ ልደርስ አልችልም። ለኒህ ሰውዬ ምን ላድርግላቸው ብዬ ሳስብ አንድ ያልሠራሁላቸው የቤት ሥራ እንዳለ አስታወስሁ።

«ትጓደድ» አልሁ። «ያን ቀን ምን ሆነ?»

የቱን ቀን ብላ አልጠየቀችኝም። «አሁን ነው የምትጠይቂኝ?» አለች።

«አሁን ነው።»

ነገረችኝ። አጫጆቹ ወደ እኔ ሲመጡ አንዱ ወጣት ወባ ጥሎት ከዳሷ አጠገብ ወደቀ። ውሃ አጠጣችው፤ በአክስቷ ልጅ ትራክተር ላይ ጭና ጤና ጣቢያ ላከችው። ጓደኞቹ ጓዳችን ሳይመለስ ከዚህ ንቅንቅ አንልም አሉ። ቁጭ ከምትሉ የኔን እጨዱ አለቻቸው። ልጁ እስኪድን ቆዩ፤ የሷ ሰሊጥ ታጭዶ አለቀ። ልጁ ሲሄድ እግሯን ስሞ ሄደ።

«ይህን ለምን ለሽማግሌ አልተናገርሽም?»

«አንች ሌባ ስትይኝ ነዋ! ሌባ ላለኝ ሰው ደግነቴን እየቆጠርሁ ልለምን?»

ሄደች። በማግስቱ ጠዋት፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ስለ ወባው ልጅ ሦስት መስመር ጻፍሁ። በሚቀጥለውም እንደዚያው። የሷን ከፊት አደረግሁ፤ የኔን ከኋላ። ያየሁትን ማጭድ፣ የጠበቅሁበትን ዳስ፣ ነጭ የሆነውን መሬት አልተውሁም፤ አጫጆቼ ቀርተውብኛል፣ እንደሚቀሩም መልእክት የላከልኝ ሰው የለም፣ ይህም በደል ነው። ሌባዪቱ የሚለውን አወጣሁ። እያየች ዝም አለች የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያኖረችኝ ዐረፍተ ነገር እሷ ናት። መምህር «አዩ ወይስ ገመቱ?» አሉኝ። አወጣኋት።

ከዚያ ወንዟን እኔ ተሻገርሁ። ትጓደድን ይዣት መጣሁ፤ ከርከዴ ቀዳሁላት፤ ቀይ እስክሪብቶ ከፊቷ አስቀመጥሁና አነበብሁላት። ብርጭቆውን አልነካችውም። የሷ ግማሽ ሲያልቅ «ይበቃኛል፣ ቀጥይ» አለች። የኔንም ጨረስሁ።

«ስንት ነው?» አልሁ።

«ቆይ። የጎደለ አለ።»

«ልጁን ጽፌያለሁ፤ ትራክተሩን ጽፌያለሁ፤ ሌባን አውጥቼልሻለሁ። ከዚህ በላይ ምን ቀረሽ?»

«ከኔ አይደለም የጎደለው፤ ካንች ነው። በድሮው ጽሑፍሽ ላይ ነበር። ሰሊጤ ሲከፈት የምትለዋ።»

«አወጣኋት።»

«ለምን?»

«ስታይ አላየሁሽማ። መምህር ያንች ናት ብለውኛል።»

በበሩ በኩል ወደ እርሻዬ ተመለከተች። እስክሪብቶውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያኔ ዜሮ የሰጠሁሽ በሷ ነው» አለች። «ሌባ ያልሽኝን ስቄ አለፍሁት፤ ሌባ አይደለሁማ። እዚያች ላይ ስደርስ ግን ጣቴ አልሄድ አለኝ።»

ብርጭቆውን አንሥታ አንድ ጊዜ ጎነጨች።

«መልሻት፣ ስንዱ» አለች። «አይቻለሁ።»